ሰባት ቤት ቆጥሮ እህትን ለዘለለ መምሪያ

ለክቡር የወደቁ ወታደሮች ቤተሰብ አፈላላጊ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አጎቴ አጽም እና ስለ «ሦስተኛ ወገኗ» እናቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ኃላፊው ሕክምና ሄደዋል» ስለሚሉኝ፣ እናቴም ከራሷ ጉልበት አስቀድማ ለእርስዎ ወገብ መጸለይ ስለጀመረች ነው። እግዜር ይማርዎ፤ ምሮም ወደ ወንበርዎ ይመልስዎ።

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። በሰው ጉዳይ ስንቱን ባለሥልጣን በብዕሬ አሞግሻለሁ። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ እጄ ከትሕትናው መስመር ወጣ ካለ አለመልመዱ ነው ብለው ይለፉኝ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ወደ ጦር ግንባር ሲዘምት እናቴ ገና ተማሪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እሱም ወሬውም አልመጣም፤ አያቴ በር በሩን እያየች ሞተች፣ እናቴም አረጀች። አምና መንገድ ሲቆፈር የአራት ወታደሮች አጽም ተደባልቆ በአንድ ጉድጓድ ሲገኝ፣ መምሪያዎ ስማቸውን ከአንገት ብረታቸው ላይ አንብቦ ሁሉንም በክብር አነሣልን። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልቤ የማመሰግነው ይህን ብቻ ስለሆነ በደንብ ይያዙልኝ። የቀረውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የዘር ሐረግ አጥኚዎችዎ ከአጎቴ አባት ስም ተነሥተው ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞረው ቁልቁል ወረዱና በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ጎማ ጠጋኝ አገኙ። የሳሉት የዘር ዛፍ በመተላለፊያዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተከልሎ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ እውነትም ያምራል። ቅርንጫፉ ሁሉ የወንድ ስም አፍርቷል፤ ሴት ግን ለመድኃኒት እንኳ አልበቀለችበትም። ያን ሁሉ ወንድ ማን እንደወለደው አጥኚዎችዎ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ያጠኑት ይሆናል። ነገሩ እኮ ምስጢር አልነበረም፤ አያቴ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት፣ ሕፃን ልጇን ይዛ ሌላ ባል አገባችና እናቴን ወለደች። የእናት ልጅ ማለት በእኛ አነጋገር ወንድም ከማለትም ያለፈ ነገር ነው፤ ሰው ሲጨንቀው የሚጠራው «የእናቴ ልጅ» ብሎ ነው። በመምሪያዎ ቅጽ ላይ ግን ለእሱ የሚሆን ሣጥን የለም።

ሁለተኛ፦ ጎማ ጠጋኙ በስልክ «ዘመድዎ ተገኝቷል» ሲባል ብድር የሚጠይቀው ሰው የመጣ መስሎት ደንግጦ ነበር። አጎቴን በስምም አያውቀውም። ሆኖም ጨዋ ሰው ነውና ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ አፉን ከፍቶ የምራቅ ናሙና ሰጠ። የላቦራቶሪ ባለሙያዎ ግን ከእንዲህ ያለ አሮጌ አጥንት ማውጣት የቻሉት በእናት በኩል የሚተላለፈውን ዘረመል ብቻ ስለሆነ፣ የአባት ወገን እንደማይጠቅም ነግራ የእናት ወገን እንዲፈልግ ላከችው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ፤ ዘመድ እንዲያፈላልግ ደመወዝ የሚከፈለው መምሪያ የማፈላለጉን ሥራ ለተፈለገው ሰው አስረከበው። እሱም ያረጁ አክስቱን ጠየቀ፤ አክስቱ ያቺ መበለት ሌላ ባል አግብታ ወዴት ሰፈር እንደሄደች ትዝ አላቸው፤ ከዚያ ቤት ለቤት እየጠየቀ አንድ እሑድ ከደጃችን ደረሰ። ቆቡን አውልቆ፣ ጥቀርሻ የለበሰ እጁን ከኋላው ደብቆ፣ «እማማ፣ ወንድምዎን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ በስሕተት ይመስለኛል» አላት። አጥኚዎችዎ በመኪና፣ በካርታና በውሎ አበል ያጧትን ሴት እሱ በአንድ አክስትና በሁለት እግሩ አገኛት። ውሎ አበሉም አንድ ቀን ይከፈለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፦ እናቴ በማግስቱ ሄዳ ናሙናዋን ሰጠች። ባለሙያዋ ስለ ወንድሟ የምታስታውሰው ነገር እንዳለ ስትጠይቃት፣ ኳሷን ከጣሪያ ላይ ሊያወርድላት ወጥቶ መውደቁን፣ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ጠመም ብሎ መግጠሙን ነገረቻት። ባለሙያዋ መሳቢያ ሳበችና አንድ የክንድ አጥንት አሳየቻት። እናቴ ያን ጠማማ አጥንት በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ። ይህችን አሽሙር ሳልቀላቅል ነው የጻፍኳት። በኋላም ውጤቱ መጣ፤ ከአራቱ አጽሞች የአጎቴ የትኛው እንደሆነ መንግሥት ያወቀው በእናቴ ምራቅ ነው።

ታዲያ ያን ወረቀት ይዘን፣ ጎማ ጠጋኙም አብሮን፣ ወደ ምድር ቤቱ የርክክብ ክፍል ወረድን። ላይኛው ፎቅ ላይ እህት የነበረችው እናቴ ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስ ባዳ ሆና ተገኘች። የክፍሉ ሹም በዛፉ ላይ ፈለጓት፣ አጧት፤ የአባት ስማችሁ አይገጥምም፣ ተረካቢው ጎማ ጠጋኙ ነው አሉ። እሱ ራሱ «ኧረ ለእሷ ስጧት! እኔ ምን አውቄ ነው የምቀብረው?» ብሎ ቢለምን፣ አጽሙን ለሦስተኛ ወገን አሳልፌ አልሰጥም ብለህ ፈርም ተባለ። ሦስተኛ ወገን! ከአያቴ ማህፀን የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እናቴ ሦስተኛ የሆነችው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እኔ ሒሳብ ስለማልችል ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ሰውየው ዋሽቼ አልፈርምም ብሎ እስክሪብቶውን መለሰ፤ መምሪያዎም «ዘመድ ቀርቦ አልረከብም ብሏል» ብሎ መዘገበበት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ተረቱ፤ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለማልዘልፍ ተረቱን ብቻ አስቀምጬ አልፋለሁ።

አራተኛ፦ ይህኛው በንዴት የተጻፈ ስለነበር እናቴ አስቀድዳኛለች።

አምስተኛ፦ ያልተረከቡ አጽሞች በመጪው ሐሙስ ከመታሰቢያ ሐውልቱ ሥር በአንድነት ገብተው በሲሚንቶ እንደሚታሸጉ ማስታወቂያ ለጥፋችኋል። ማርሽ ባንድም አለ ተብሏል። ክብር ነው፣ አልክድም። እናቴ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟን ስትጠብቀው ከሞተችው ከእናታቸው ጎን መቅበር። ቦታው ለራሷ ያስቀመጠችው ነበር፤ አሁን «እኔ የትም እሆናለሁ፣ እሱ ይግባ» ትላለች። አንዴ ሲሚንቶ ከፈሰሰበት ወዲያ ይቅርታ ቢጠየቅ ምን ያደርግልናል? ደረጃዎን ስትወጣ ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ፣ እኔም «ነገ ተመለሱ» ስባል ከረምኩ። መሮናል፣ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ከሐሙስ በፊት በዛፍዎ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ፣ ቀጭንም ብትሆን ግድ የለም፣ እንዲያስቀጥሉልን እለምናለሁ። ይህ መመሪያ የሚጥስ ከሆነ ደግሞ ላይኛውንና ታችኛውን ፎቅ የሚያገናኝ አንድ የውስጥ ስልክ ያስገቡ፤ ወጪውን እኔው ከማመልከቻ ገቢዬ በየወሩ እየከፈልኩ ለመሸፈን ፈቃደኛ ነኝ።

ለወንበርዎ፣ ለማኅተምዎ እና በተለይ ለወገብዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

በመምሪያዎ አቆጣጠር የሦስተኛ ወገን ልጅ በመሆኔ አራተኛ ወገን የሆንኩት፣
ታዛዥዎ ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለላቦራቶሪው (ደረጃውን ለሚወርድ ሰው ሰጥተው ለርክክብ ክፍል እንዲያደርሱልን)

በኋላ የተጨመረ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ጎማ ጠጋኙ ከተፍ አለ። ለሐሙሱ ሥነ ሥርዓት የክብር መጥሪያ ካርድ ልካችሁለታል፤ የፊት ረድፍ ወንበር፣ «ለሟች ቤተሰብ፣ ከአንድ አጃቢ ጋር» ይላል። ካርዱን ከእነ ፖስታው ለእናቴ ሊሰጣት ቢሞክር፣ ስሙ ስለተጻፈበት በር ላይ ይመልሱናል ብላ ፈራች። እስከዚያ ከእርስዎ መልስ ካልመጣ እናቴ በወንድሟ ቀብር ላይ የጎማ ጠጋኙ አጃቢ ሆና ትገኛለች። እንግዲህ ስታለቅስ በየትኛው ዝምድና እንደሆነ እንዳይጠይቃት ለበር ጠባቂዎ አስቀድመው ይንገሩልን።