በፉሳኮ ፎቶ ፊት የተቀመጠው ከረጢት

ለተወደድሽው እህቴ ለእትዬ ኪኑዌ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሻል አለሽ ወይ? ባልሽ ቶኩጂንስ ያ ሳል ለቀቀው? ከዓለም ማዶ እናንተ ዘንድ ሙቀቱ የሚጀምርበት ጊዜ ነውና ከፀሐይ ሸሸት እያላችሁ፣ ውኃ እየጠጣችሁ እንደምትውሉ ተስፋ አለኝ። እኔ በየማለዳው ሩዙንና ሻዩን ለሟች ባለቤቴ ለፉሳኮና ለወላጆቻችን በቤቴ መሠዊያ ላይ ሳቀርብ ያንቺንም ስም ሳልጠራ አልነሣም። ለቡድሃ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ ዛሬ የእውነት ደኅና ስለሆንኩ ነው።

ከኛ የሙቀት ወቅት ወዲህ የጠፋሁብሽ ረስቼሽ አይምሰልሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንጀቴ ውስጥ ክፉ ነገር ተገኝቶብኝ ነበር። ወጥቷል። ትናንት የመጨረሻው ውጤት መጣና ሐኪሙ ምንም የቀረ የለም አለኝ። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው። እንግዲህ ተረጋግተሽ አንብቢው። መሳቅ ካማረሽም ሳቂ፤ እኛም ስቀናል።

ቺዙሩ ልጄ እንደምታውቂው በከተማው ጽሕፈት ቤት የጤና ክፍል ነው የምትሠራው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የአንጀት ምርመራው በእሷ ኃላፊነት ሆኗል። ሰው ግን የሰገራ መስጫውን ፖስታ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ይከተውና ይረሳዋል፤ ከአሥር ቤት ሁለቱ ቢመልሱ ነው። በረዶው ገና ሳይቀልጥ አንድ እሑድ መጣችና ጥቅል ወረቀት ፊቴ ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ ጣፋጭ ነገር መሰለኝ። ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ከላይ ሾጠጥ ያለ፣ ጉንጮቹ ቀላ ቀላ ያሉ፣ አናቱ ላይ ሮዝ ሪባን የታሰረለት። “ኮሮ ይባላል። አያሳሳም አባዬ?” አለችኝ። ለምርመራው ማስታወቂያ የተሣለ ሰገራ መሆኑ ሲገባኝ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት።

ታውቂያለሽ፣ እኔ እንዲህ ላለው ነገር እንግዳ አይደለሁም፤ አሁን እዚህ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያሳሳ የሥዕል ምልክት አለው። የመንገድ ሥራው አጥር እንቁራሪት ሲሆን፣ ግብር ቢሮው በኤሊ ሲጠራን፣ ያ ዝልግልግ የባሕር ትል ሳይቀር ሽፋሽፍት ተሠርቶለት ወደቡ በር ላይ ሲያውለበልብ አይቼ አልፌያለሁ። ይህኛው ግን የኔው ነገር ነው። አርባ ዓመት የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ነድቻለሁ። በየመንደሩ ስገባ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹ ነበር። ፉሳኮ ልብሴን ለብቻው አጥባ የምታሰጣው ከቤቱ ኋላ፣ መንገደኛ በማያይበት በኩል ነበር። ቺዙሩ ራሷ ትምህርት ቤት ሳለች የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ስትባል “ሹፌር” ብቻ ብላ ዝም ትል እንደነበር አስተማሪዋ ነግራኛለች። እና አሁን ያቺው ልጄ ያንን ነገር ሪባን አስራለት መጣች።

እሷ ግን ቁጣዬን ሳታይ እያስረዳችኝ ነው። “ዓይኖቹን ራቅ ራቅ፣ ወደ ታች ዝቅ ታደርጋቸዋለህ። አፉን ታሳንሰዋለህ፣ ግንባሩን ታሰፋዋለህ፤ የሕፃን ፊት ይሆናል። የሕፃን ፊት አይቶ የሚጨክን የለም” ትለኛለች። እኔም “አርባ ዓመት የተሾፈብኝ አልበቃ ብሎ ነው? እናትሽ ይህን ብታይ በኀፍረት ትሞት ነበር” አልኳት። ወረቀቷን ቀስ ብላ ጠቀለለች። ጫማዋን አድርጋ ከጨረሰች በኋላ፣ ሳትዞር፣ “በምን የሞተች መሰለህ?” ብላኝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አራት ወር አልተነጋገርንም።

እትዬ፣ እውነቱን ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ? ቃሏ የወጋኝ እውነት ስለነበረ ነው። ፉሳኮ በአንጀት ካንሰር ከመሞቷ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ያ ነጭ ፖስታ ለእሷም መጥቶላት ነበር። ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዞረችው። ከዚያ “በጽሕፈት ቤቱ መስኮት የምትቀበለው የአትክልት ሻጩ ልጅ ናት። የመጣጩ ሚስት ይዛ መጣች ይሉኛል” አለችኝ። እኔም ሳቅሁና “እንዳንቺ ያለ ጤነኛ ምን ያደርግለታል፤ ተዪው” አልኳት። ተወችው። ቀብራት ካለፈ በኋላ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፤ ስሟን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ሞልታበታለች። ለመስጠት አስባ ነበር ማለት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በጸሎት ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምፈራው ሌላ ኃጢአቴን አልነበረም፤ ያቺን ሳቄን ነበር።

እንግዲህ ወደሚያስቀው ልምጣ። ኮሮ ከተማውን ወረሰው። ጽሕፈት ቤቱ ፖስታውን ትቶ የሰገራ መስጫውን ዕቃ የኮሮ ሥዕል ባለበት ትንሽ የወረቀት ከረጢት አድርጎ በየቤቱ ሲያድል፣ በዚያው ዓይነት ከረጢትም የጤና ወረቀት አድሏል። ከረጢቱ ጠንካራ ነው፣ ማሰሪያም አለው፤ የኛ ሰው ደግሞ ጥሩ ከረጢት መጣል እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተማችን ሃማኖሴ በሙሉ በኮሮ ከረጢት ኪያርና የደረቀ ዓሣ ይሰጣጥ ጀመር። በተለይ ዮኔ፣ አብራሽ የተማረችው፣ አሁን ከጎኔ የምትኖረው፣ ያዘጋጀችውን ሁሉ በዚያው ከረጢት እያደረገች በሬ እጀታ ላይ ሰቅላልኝ ትሄዳለች። እኔም እንደ ወጋችን የመጣውን ሁሉ አስቀድሜ ለፉሳኮ አቀርባለሁ፤ የኮሮን ፊት ግን ወደ ግድግዳ አዞረው ነበር።

በዝናቡ ወቅት አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ከረጢት ተሰቅሎ አገኘሁ። ቀለል ያለ ነው። የሩዝ ኬክ ይሆናል አልኩ። ከፉሳኮ ፎቶ ፊት አስቀመጥኩት፣ ቃጭሏን መታሁ፣ እጄን አጋጠምኩና “ዮኔ ላከችልሽ፤ ቅመሺ” ብዬ ረዘም ያለ ጸሎት አደረስኩ። ከዚያ የመቃብሩን ሣር ላርም ወጣሁ።

ስመለስ ዮኔ በሬ ላይ ቆማለች። “ጊሳ፣ ለቺዙሩ አደረስክልኝ?” አለችኝ።

“ምኑን?” አልኳት።

“ያንን ነዋ።”

“የትኛውን?”

“አንተ ሰውዬ ጆሮህ ነው ወይስ ልታሾፍብኝ ነው? መንገድ ላይ ቆሜ ካካዬን ልበልህ? ጉልበቴን አሞኝ ጽሕፈት ቤት መሄድ ቢያቅተኝ፣ አባቷ ነህ፣ ታደርስልኛለህ ብዬ ሰቀልኩልህ!”

እትዬ፣ ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። “ፉሳኮ ጋ ነው ያለው” አልኳት። “ፉሳኮ ጋ ማለት?” አለችና ፊቴን አየች። ከዚያ ገባት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ትስቅ ጀመር። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ፎቶው ፊት ጎንበስ ብላ “ፉሳኮ እመቤቴ ይቅር በይኝ፣ ነገ እውነተኛውን የሩዝ ኬክ አመጣልሻለሁ፤ ባልሽ ግን የመጣለትን ሁሉ ሳያይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው” አለቻት። እኔም ሳላስበው ፈነዳሁ። ፉሳኮ ከሞተች ወዲህ በዚያ ክፍል ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሳቁ ሲበርድልን ለምን አሁን ለመስጠት እንደተነሣች ጠየቅኋት። ዮኔ ነገር ስታሳምር አታውቅም፤ ታውቂያታለሽ። “ነጩን ፖስታ አምስት ዓመት ሙሉ ስጥል ኖሬአለሁ። ይሄን ግን ልጥለው ስል ያየኛል። ጉንጩን አቅልቶ ፈገግ ይላል። የድመት ግልገል ቆሻሻ ላይ የምጥል መሰለኝ። ደግሞስ ጊሳ፣ እሱ ሳያፍር እኔ ምን ያሳፍረኛል?” አለችኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ከረጢቱን ከመሠዊያው ላነሣ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ራሴ ነኝና አሁን መልሼ አዞርኩት። አተኩሬ አየሁት። የአርባ ዓመት ሥራዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞረበት ነው፤ እዚህ ግን እንደ ታጠበ ሕፃን ቁጭ ብሎ ያየኛል። ለካ ልጄ በኔ እያሾፈች አልነበረም። እናቷ መስኮቱ ድረስ ልትሸከመው ያቃታትን ነገር ማንም ሊሸከመው እንዲችል አድርጋ ማቅለሏ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ማየት አቃተኝ፤ ስድብ ለምጄ ሁሉ ነገር ስድብ ይመስለኛል። ስለዚያ ሳቄ ያን ጊዜ ለፉሳኮ ነገርኳት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ግን ነገርኳት።

በማግሥቱ ጠዋት የራሴንም አዘጋጀሁና ሁለት ከረጢት አንጠልጥዬ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ዓሣ ሻጩ “ጊሳ፣ ኪያር ነው? አንዱን ወዲህ በል” አለኝ። “ይህ አይበላም” ብዬ አለፍኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ቺዙሩ ራሷ ነበረች። እንደማንኛውም ነዋሪ ጎንበስ አለችልኝ፣ ከረጢቶቹን በሁለት እጇ ተቀበለች። የኔን ዕቃ አውጥታ ስሙን አነበበች። ከዚያ “ቀኑን አልሞላህም” አለችኝ። ከአራት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። ብዕር ሰጠችኝ፤ የመጻፊያውን ቦታ ስፈልግ ወስዳ ራሷ ሞላችው።

የዮኔ ንጹሕ ሆነ። “ፉሳኮ ባርካልኝ ነው” እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። የኔ ግን ደም ተገኘበት። ሙቀቱ ሳያልፍ በካሜራ አዩኝና ሁለት እብጠት አገኙ፤ አንደኛው ካንሰር መሆን ጀምሮ ነበር። ገና ሥር ስላልሰደደ ቢላዋ ሳይነካኝ በዚያው በመጣበት ቀጭን ቱቦ አወጡት። ሐኪሙ “ሁለት ዓመት ቢቆይ ኖሮ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር” አለ። ሁለት ዓመት ሲል እኔና ቺዙሩ ተያየን።

ትናንት የመጨረሻውን ውጤት ሰምተን ስንወጣ መኪናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር አለቀሰች። “ያን ቃል ባልተናገርኩህ” ትላለች። እኔም ስለ ፖስታው፣ ስለ እናቷ ጽሕፈት፣ ስለ ሳቄ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና “ስሟን ሞልታበታለች አልከኝ? እንግዲያው እኮ ግማሽ መንገድ መጥታ ነበር” አለችኝ። ለሰባት ዓመት እንደ ድንጋይ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር በአንድ ቃል አነሣችልኝ። ዛሬ ማለዳ ሩዙን ሳቀርብ እጄ ቀልሎኝ ነበር። ደስታዬ ሙሉ ነው አልልሽም፤ አንዲት ሰው ጎድላለችና። ግን እተነፍሳለሁ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነገር ይህ ነው። ሐኪሙ ስለ ቤተሰባችን ጠየቀኝ። እናታችን ሆዷን ታማ መሞቷን ነገርኩት። “እህት ወይም ወንድም አለህ?” አለኝ። “አንዲት እህት፣ ከዓለም ማዶ” አልኩት። “ንገራት” አለኝ። እትዬ፣ ካንቺ ጠባይ ጋር አንድ ቤት አድጌያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ያደርግልኛል እንደምትዪ ከዚሁ እሰማሻለሁ። እባክሽ እንደ ፉሳኮ አትበዪኝ፤ እኔም እንደዚያን ጊዜው አልስቅም። እናንተ ዘንድ ዕቃው ሪባን ያለው ይሁን አይሁን አላውቅም። ባይኖረው እንኳ ሂጂ።

ለባልሽ ለቶኩጂ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲጋራውን ይተው። ለልጅሽ ለማሪዮ ካዙኦ ንገሪው፣ እናቱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው፣ እምቢ ካለች ተሸክሞ ይውሰዳት ብሏል አጎትህ በዪው። ለሚስቱ ለኢቮኔ ስለላከችልኝ ሹራብ አመሰግናለሁ፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል፣ ይሞቃል ግን። ለትንሿ ልጃቸው ለታይስ ከደብዳቤው ጋር የኮሮን ትንሽ ሥዕል ልኬላታለሁ፤ ምን እንደሆነ አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አፍራለሁ። ዮኔ ብዙ ሰላም ትልሻለች፤ ፈተና ላይ ከሷ የኮረጅሽውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም ትላለች። ቺዙሩ እጅ ነሥታ ጤናሽን ትጠይቃለች።

የምትመልሺልኝ ደብዳቤ አጭር ቢሆን አልቀየምሽም። “ሰጥቻለሁ” የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ጊሳቡሮ

ሃማኖሴ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2019