ሁሉም አምስትን አከበቡልሽ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፤ በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ብቻ ይደክመኛል። አባትሽ ካረፈ አራት ወር ሞላው፤ ኮቱን ግን ከበሩ ጀርባ አላነሳሁትም።

ለመመረቂያ ጥናትሽ የላክሽውን የሐዘን መጠይቅ በስፌት ቤታችን ባል ለሞተባቸው ስድስት ሴቶች አደልኩ። ሰብስቤ ሳየው፣ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች ሁሉም አምስትን ብቻ አክብበዋል። «እንቅልፍ በደንብ ይወስደኛል» አምስት፤ «እንቅልፍ እምቢ ይለኛል» እሱም አምስት።

«ምን ነካችሁ?» ብላቸው ጨርቅ ቆራጯ፣ «አንቺ ደግሞ! ሩቅ ሆና አባቷን እንኳ ቆማ መቅበር ላልቻለች ልጅ ማርክ እንንፈጋት እንዴ?» አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቅኩ። «ማርኩ የእሷ አይደለም፤ የተጠየቀው የእኛ ልብ ነው። እውነቱን ጻፉ» ብዬ ሌላ ወረቀት ሰጠኋቸው። በምሳ ሰዓት እንደገና ሞሉት።

የእኔን ወረቀት ቤት ወስጄ ሞላሁት። «ሐዘኔን የማካፍለው ሰው አለኝ» በሚለው ላይ፣ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ አምስትን አክብቤ ነበር። ሰውን እውነት ጻፉ ብዬ እኔ ልዋሽ? ሰርዤ አንድ አደረግኩት።

ስም አይጻፍ ስላልሽ አልጻፍኩም፤ ስርዝ ያለበት የእኔ ነው። ከሌሎቹ ጋር ደምሪው። ከዚያ ግን ደውዪና በራስሽ አፍ ጠይቂኝ። እኔም እጠይቅሻለሁ፤ አንቺም አባት ሞቶብሻል፣ መጠይቅ የላከልሽ ግን የለም።

ድካምሽን ለፍሬ ያብቃልሽ።

እናትሽ