ለቅሶ ቤት የተሰማው ጎል

ፈቃዱ፣

ከሞጆ ስትመለስ ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙላልኝ።

ትናንት የአፍሪካ ዋንጫን የምድብ ጨዋታ ስታይ "ጎል!" ብለህ ሰፈሩን አናወጥከው። እኛ ከአጥሩ ማዶ ለቅሶ ተቀምጠናል። ምነው አንተ! የጓደኛህ የቢኒያም ሣልስት እንኳ ሳይወጣ! ኳስ አብራችሁ አልነበረም የምታዩት? ከቀብሩ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥክም።

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቱ ጋሽ ብዙነህ ግን ቀና አሉና "ማን ነው ያገባው?" አሉኝ።

ሁልጊዜ የሚነግራቸው ቢኒያም ነበር።

እኔ ስለ ኳስ ምን አውቅልሃለሁ? 

አሁንም እዚያው ነኝ። ፊትህን ታጠብና ና፣ ልጄ። አጠገባቸው ቁጭ በልና አንተው ንገራቸው።

አክስትህ ወርቄ