የሽማግሌው ካፒቴን ተራ

ውድ ደራራ፣ የገብስ ካፒቴን፣

አከም ጅርታ ኦቦሌሳ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ? የዲንሾ ብርድ ጆሮህን ካልቆረጠው ደህና ነህ ማለት ነው። ከቆረጠውም ለማንበብ ዓይን ይበቃል። መደወል አቅቶኝ አይደለም። አንተ ጋሼ አምባዬ የሚል ስም ስትሰማ ስልክ ትዘጋለህ፤ ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። የፊደል ስህተት ካገኘህ ደግሞ እኔን አትውቀስ። "በር ላይ መንጠልጠል የሚችል ሰው ትምህርት ምን ያደርግለታል?" ብለህ ከስምንተኛ ክፍል አውጥተህ የሚኒባስህ ረዳት ያደረግከኝ አንተ ነህ።

ደራራ፣ ደንግጫለሁ። በተራ አስከባሪው በወንዶሰን ፊሽካ ውስጥ በርበሬ ጨምሬ፣ ሲያስነጥስ አጠገቡ ቆሜ "ይማርህ" ያልኩት ሰው ነኝ እኮ። እሑድ ዕለት ግን ሳላሀዲን ቪዲዮ ቤት የሰማሁት ነገር ቀልዴን አስጣለኝ።

ኳስ ስላልነበረ ሳላሀዲን ከፍላሹ አንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ከፈተልን፣ በአማርኛ የተተረጎመ። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ገበያተኛው ሁሉ ነበር። ብታምንም ባታምንም ጠፈር ላይም መናኸሪያ አለ። አንድ ትልቅ የብርሃን በር አለ፤ ይከፈትና አንድ መርከብ አሳልፎ ይዘጋል። መርከቦቹ ተራ ይዘው ይቆማሉ።

"ወንዶሰን፣ እዚያም ዘመድ አለህ" አልኩት።

"አፍህን ዘግተህ እይ" አለኝ።

ፊት የቆመው የአንድ ሽማግሌ ካፒቴን መርከብ ነው። ከኋላ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ካፒቴን መጣች። የጫነችው ሕፃናት ነው፤ አየር እያለቀባቸው ነው። ምን አደረገች መሰለህ? ልክ አንተ ያደረግከውን። አንድ ቃል ሳትናገር የሽማግሌውን መርከብ ክንፍ በእሳት መትታ፣ ገፍታው አለፈች። ሕፃናቱ ዳኑ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። እኔ አግዳሚ ላይ ወጥቼ "ደራራ፣ ደራራ" እያልኩ አጨበጨብኩ። ጋሼ አምባዬ በሩ ጥግ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ሰውዬው ተራቸውን ተቀሙ እኮ" አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ያንን ቀን መቼም አትረሳውም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሮቤ መናኸሪያ አደረሷት። ለጎባ ተረኛው የጋሼ አምባዬ ሚኒባስ ነበር። አንተ ከኋላ መጥተህ የሳቸውን ስፖኪዮ ሰብረህ ፊታቸው ገባህ፤ እኔ ሴትዮዋን ሳብኩ፤ ከበሩ ላይ ሆኜም "ምጥ ተራ አይጠብቅም፣ ሽማግሌ" ብዬ ጮኽኩባቸው። ጎባ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። የሚኒባስ ማኅበሩ አንተን ከመስመር አገደ፤ ከተማው ደግሞ እሳቸውን "ተራ ቆጣሪው" አለ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይጣፍጣል ብዬ። አንተም "በምጥ ላይ ተራ ለሚቆጥር ሰው አንገቴን አልደፋም" ብለህ ዲንሾ ገብስ ልታመላልስ ወጣህ።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሁለቱ ካፒቴኖች ተገናኙ። ሽማግሌው ክንዱ ታስሯል፤ ክንፉ ሲመታ መርከቡ ውስጥ የነበሩ ሁለት ልጆች ሞተውበታል።

"ሕፃናት ነበሩ" አለችው። "ሌላ ምን ላድርግ?"

"መምጣትሽን ሳይ ሞተሬን አጥፍቼ ነበር" አላት። "ጥግ ልይዝልሽ። አልጠየቅሽኝም።"

"ውሸታም" አለ ከኋላችን ከተቀመጡት አንዱ። "ካለፈ በኋላ ሁሉም ደግ ነው።"

ያኔ ጋሼ አምባዬ፣ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳያነሱ፣ "አይዋሽም" አሉ።

"እርስዎ በምን አወቁ?" አልኩ፣ ለመሳቅ አፌን ከፍቼ።

"እኔም ወንበሩን አጥፌላት ነበር።"

ሽንኩርት ነጋዴዋ ፋናዬ ከመሃል ተነሳች። "እውነቱን ነው። እኔ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። 'ውረጂ፣ ምጥ ናት' አለኝ። ሽንኩርቴን አቅፌ፣ እየሰደብኩት ወረድኩ። ከጎኔ ያሉትንም አውርዷል።"

"ታዲያ እስከዛሬ ምን ዘጋሽ?" አላት ወንዶሰን።

"ማን ጠየቀኝ?"

ደራራ፣ እኔ እኮ አይቻለሁ። ሰዎቹ ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ግርግር ሊያዩ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ሲታጠፍ አይቻለሁ፤ ሊጠርጉ መስሎኝ ነበር። ጋቢያቸው ወለሉ ላይ ተነጥፎ ነበር። ለማን እንደተነጠፈ ሳላስብ ሰድቤያቸው አለፍኩ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው።

"አንተ በር ላይ ተንጠልጥለህ እየሄድክ ነበር። ሮጬ ልንገርህ?"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያማ ተገላገለች። ሰው ደስ ብሎት ነበር። ለአንድ ስፖኪዮ ብዬ ላበላሽባችሁ?"

ወንዶሰን ኮፍያውን አውልቆ "ጋሽ አምባዬ እሺ ካሉ ማኅበሩ ደራራን ዛሬውኑ ይመልሰዋል" አለ። እኔም ቸኩዬ "ጋሼ፣ ይመለስ?" ስላቸው፣

"አንተ ምን አገባህ?"

"ረዳቱ ነኝ እኮ።"

"ሾፌሩ ይጠይቀኝ" አሉ።

የምትለውን አውቃለሁ፤ ሴትዮዋ ድናለች፣ ነገም ብትመጣ ይህንኑ አደርጋለሁ ትላለህ። አድርገው፤ በሩን የምከፍተው እኔው ነኝ። ግን መስኮትህን ዝቅ አድርገህ "ጋሼ፣ ይልቀቁልኝ" ማለት ጥሩምባ ከመንፋት አይረዝምም። ይቅርታም በላቸው አላልኩህም፤ እሱን በራስህ ጊዜ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ልመለስ ወይ ብለህ ጠይቃቸው።

ሴትዮዋ ካፒቴንስ ምን መለሰች ትለኝ ይሆናል። አላየንም። አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ። ሲመጣ ሳላሀዲን ሊቀጥለው ሲል ጋሼ አምባዬ ወጥተው ሄደው ነበር፤ ያን ሁሉ ያፏጨ ሰው አንድም "ክፈተው" ያለ የለም። መልሷን ሰው ሁሉ ካንተ ነው የሚጠብቀው።

ናጋቲ፣ ደህና ሁን ወንድሜ።

ያለ መኪና በር ይዞ የቆመው ረዳትህ፣
ዳግማዊ፣ ከሮቤ