ቀኙ ከፍ፣ ግራው ዝቅ ያለው መጋረጃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጠዋት

ግርማ ሊመጣ ነው! ወደ ቤቱ! ቅዳሜ ይወጣል አሉኝ። እንዴት አደርሽ እንኳን ሳልልሽ ዘረገፍኩት፣ ማስታወሻዬ፣ አትቀየሚኝ። እሺ፣ እንዴት አደርሽ።

አውቃለሁ። ለምን እንደሚያስወጡት አውቃለሁ። ዶ/ሯ ኮሪደር ላይ ወሰድ አድርጋ ነገረችኝ። ጉበቱ ከእንግዲህ ሕክምና አይቀበልም። ማስታገሻውን ይዞ ቤቱ፣ ከሰው ጋር ቢሆን ይሻላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ እንዲህ ያለ አነጋገር አይጠፋኝም። ለእሱ ግን እንዳልነግር ታላቅ እህቱ አስምለውኛል። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ደስታ። መጀመሪያ አፈርኩ። አሁን አላፍርም። ቡራዩ ያለው ቤታችን ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ነው እሱ ሆ/ል የገባው። ስንት ዓመት ታክሲ ነድቶ የሠራው ቤት፣ አንድ ቀን እንኳን አልተኛበትም። ሊተኛበት ነው!

አልጋው ሳሎን ይሁን። ትልቁ መስኮት እዚያ ነው። መጋረጃ ግን የለውም። ልብሴን ልቀይርና ገበያ ልውጣ።

ረቡዕ፣ 26። ከሰዓት

መጋረጃውን ገዛሁ። ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ አበባ ያለበት። ግራና ቀኝ ወገቡን የሚይዙት ማሰሪያዎችም አሉት፣ ዘርፍ ያላቸው፣ ግድግዳ ላይ ከሚመታ ማንጠልጠያ ጋር። ሻጯ ከታች ሲሦው ላይ አስመቺው አለች። ቀጭን ወገብ ይወጣለታል።

ኦቦ ገመቹ መሰርሰሪያቸውን ይዘው መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ በያጅ፣ መስኮቱንም የሠሩት እሳቸው። ገና ከበር፣ «አካም ቡልቴ፣ ሙሽሪት! ባል ሊመጣ ነው ተብሎ ፊት እንዲህ ይበራል?» ይበራል አልኳቸው። ግድግዳውን በጣታቸው ደበደቡት። ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። እዚህ ነው፣ አይ እዚያ ነው እያልኩ ካስበሳኋቸው ልስኑ ይረግፋል። መጀመሪያ ወስኚ፣ ከዚያ ጥሪኝ ብለው ሄዱ።

ምን ውሳኔ አለው? ሲሦው ላይ ነዋ። እንዲህ ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ 27

እትዬ በለጡ ከሰበታ መጡ። የግርማ ታላቅ እህት፣ እናትም እሳቸው ናቸው፣ ያሳደጉት። የሰቀልኩትን መጋረጃ አዩ፣ ወደዱት። ማሰሪያውን አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ። ይኼ ለምን አስፈለገ? መጋረጃው ተዘግቶ ይዋል። በሽተኛ ለመንገደኛ ዓይን አይሰጥም። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ያየ ሁሉ ያወራል።

ታላቅ ናቸው፣ አይመለስላቸውም። ግን ንዴቴን ለአንቺ ልንገርሽ። አምስት ሳምንት ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው ቤቱ መጥቶ ደግሞ ጨርቅ ይይ?

ኦቦ ገመቹን አልጠራኋቸውም። ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ 29። ማታ 1 ሰ.

መጣ።

ኦቦ ገመቹ ከመኪናው አቅፈው አወረዱት። ያ ትልቅ ሰውዬ በሰው ክንድ ላይ! ቀሎ ቀሎ የለም። ከበሩ ሲያስገቡት ጣራውን አየ፣ የበሩን ጉበን በእጁ ነካው። እኔ እልል አልኩ፣ ብቻዬን። እትዬ በለጡ ገላመጡኝ።

አልጋው ላይ ካረፈ በኋላ ተዘግቶ የዋለውን መጋረጃ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። «ለመንገደኛው ነው የገዛሽው?» ለካ እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ አበባውን ወደ ውጭ፣ ጎረቤት እንዲያየው አድርጌ ሰቅዬዋለሁ! ለእሱ የደረሰው ጀርባው ነው፣ ስፌቱና የተንዘላዘለ ክር። ከሳቁ ጋር ሳሉ መጣበት። ሳሉ እንቢ አለ። ደም የተቀላቀለበት መሰለኝ፣ ፎጣውን ለማንም ሳላሳይ ዘፈዘፍኩት።

መጋረጃውን ገልብጬ ሰቀልኩ። አበባው አሁን የእሱ ነው። እትዬ በለጡ ከውጭ ሲታይ አዳፋ ይመስላል አሉ። ይምሰል።

እሑድ፣ 30። ከሰዓት

ዳገቱ የት አለ? ጠዋት እንደነቃ የጠየቀው ይኼን ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ታክሲዎች የሚወጡበት ዳገት አለ። ቦታውን ስንገዛ ለዚያ ብሎ ነው መስኮቱን ወደዚያ ያስዞረው። ያን ዳገት ዕድሜ ልኩን ነድቶበታል። ተኝቶ እንኳን ድምፁን ያዳምጣል፣ ይኼ ልጅ ማርሽ አልቀየረም፣ ሞተሩን ሊበላው ነው ይላል።

እትዬ በለጡ ቤ/ክ ናቸው። መጋረጃውን ከፍቼ ማሰሪያውን በእጄ ሲሦው ላይ ያዝኩለት። አማረ! ታየህ? ታየኝ፣ ታየኝ አለ። ፊቱን አየሁት፣ ውሸቱን ነው። እኔን ደስ እንዲለኝ።

ማሰሪያውን በምስማር ለጊዜው አስይዤ ከጎኑ ተጋደምኩ። ራሴን ከራሱ ትራስ ላይ። እውነትም አይታይም። ቆሜ የለካሁትን ተኝቼ ሳየው ሌላ ሆነ። የቀኙ መጋረጃ ሆድ ዳገቱን ከላይ እስከ ታች ውጦታል። ከጎኑ ከተጋደምኩ ስንት ጊዜዬ። አጥንቱ ትከሻዬን ይወጋኛል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ትንሽ ቆየሁ።

ተነስቼ ሁለቱንም ከፍ አድርጌ አሰርኩ። ዳገቱ ወለል አለ። ሁለት ታክሲ፣ አንድ አይሱዙ። ግርማ ዝም ብሎ ያያል። ደስታዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከዚያ ፀሐይዋ በግራ በኩል ዞራ ቀጥ ብላ ዓይኑ ላይ ገባች። ቢጫ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዝጊው አለ። ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከሰዓት

ዛሬ ክፉ ቀን። እግሩ አብጧል። ውኃ እንኳን በማንኪያ ነው።

እትዬ በለጡ የቤቱን ምርቃት አነሱ። ዘመድ መቼ ነው እያለ ይጠይቃል። ምን ልበል? ጾሙ ሊገባ ነው፣ በሽተኛም አለ፣ ከገና በኋላ ይሁን አሉ። ከገና በኋላ! እኔና እሳቸው ተያየን። ሁለታችንም የምናውቀውን እያወቅን።

እንቅልፍ የወሰደው መስሎን ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «እታለም» አለ፣ «ይቺ ታክሲ ገና አትደርስም። ወራጅ አለ።»

ማስታወሻዬ፣ ማንም አልነገረውም። ለካ እኛ ስንደብቀው እሱም ሲደብቀን ከርሟል።

እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ከውኃ ሮቶው ጀርባ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እኔ እጁን ያዝኩ። ምን ትፈልጋለህ አልኩት። «ሰው» አለ። «በዚያ ዳገት ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ልይ።»

እትዬ በለጡ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። አላዩኝም። ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄደው የቀኙን መጋረጃ ሽቅብ ሰበሰቡና፣ «የት ድረስ ነው? እዚህ? ንገሪኝ እንጂ፣ እጄ ዛለ!» ትራሱ ላይ ተጋደምኩና ነገርኳቸው። ትንሽ ከፍ። በቃ! የግራው ግን ዝቅ ይበል፣ ፀሐይዋን ይዞ ያስቀርልን።

ኦቦ ገመቹ መጥተው በሱት። ቀኙ ከመስኮቱ ወገብ በላይ፣ ግራው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ። ልስኑ ትንሽ ረገፈ፣ ይርገፍ። ወጥተው ከውጭ አዩት። «የሰከረ ሰው የሰቀለው ነው የሚመስለው!» እትዬ በለጡ ተቆጧቸው፣ ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎ ደግሞ የሰው ቤት አያዋርዱ። ግርማ በከንፈሩ ሳቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ፀሐይዋ መጣች፣ መጋረጃው ላይ ቀረች። እሱ ዳገቱን ያያል።

ከዚህ በኋላ ምርቃቱን ማን ይከለክለኛል? የጾሙ ቅበላ እሑድ 14 ነው፣ ያኔ ይሁን አሉኝ። አይሆንም። እግሩን አይቼዋለሁ፣ 14 ሩቅ ነው። በግ ኦቦ ገመቹ ያመጣሉ። ለቄሱ እትዬ በለጡ ይነግራሉ። የሰበታ ዘመድ፣ የሱሉልታ ዘመድ፣ ከእሱ ጋር የነዱ ሾፌሮች፣ ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ጥቁር የለበሰ አይገባም። የሚያለቅስ ሮቶው ጋ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይግባ። እልልታ አለ፣ አሁን ግን ብቻዬን አልልም። በዳገቱ በኩል ኑ፣ በእግራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንዲያያችሁ። ማንም እንዳይቀር። ከቅዳሴ መልስ፣ እሑድ፣ ኅዳር 7።