የአልታየች ምላስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1966፣ መካነ ሰላም
ነፋስና አቧራ። በልጉ ዘንድሮም ቀረ። ጠጅ ቤቱ ውስጥ የነበርነው፦ ባለቤቷ እትዬ በለጡ፣ ጸሐፊው ንጉሡ፣ እኔ፣ አዲሷ ሴት።

አልታየች ትባላለች። ረሀብ ከአምባሰል ቆላ ያባረራት። እትዬ በለጡ ብርሌ ትጠብ ብለው አስገቧት። ዛሬ እኔ ቀምሼ «ደህና ነው» ያልኩትን ጠጅ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችና «እትዬ፣ ይኼ ስኳር አለበት» አለች።

እትዬ በለጡ ሳቁ። «ማር ቢያጥረኝ ጨመርኩበት። ማን ያውቅብኛል ብዬ!»

አሥራ አንድ ዓመት ቀማሿ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት...

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17
ጨው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፈረንጆች ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚቀምሱ አንብቤ ነበር። ዛሬ በጠጁ ሞከርኩት። መጀመሪያ ማሽተት። ትንሽ ጎንጨት ብሎ አፍ ውስጥ ማዘዋወር። አለመቸኮል። ከዋጡ በኋላ የሚቀረውን መጠበቅ።

ማሩ መጣ። ከዚያ የጌሾው ምሬት። መጨረሻ ላይ ጭስ ጭስ የሚል ነገር! በዚህ ሁሉ ዓመት አስተውዬው አላውቅም። ደስ አለኝ። ለማን ልንገር?

አልታየች በአጠገቤ ስታልፍ አሸተት አደረገች። «ጋኑ በወይራ ነው የታጠነው» ብላ ሄደች። ሳትቀምስ። ፊደል እንኳ አታውቅም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20
ንጉሡ ከሬዲዮ የሰማውን ይዞ መጣ። ሚኒስትሮች ተሽረው ታስረዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሸጋዬ፣ ወላሂ አንቺም ሳትሻሪ አልቀረሽም!» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አዲሷም ሳቀች... ወይስ መሰለኝ?

እትዬ በለጡ፦ «ነገ ነጋዴው አባተ ማር ያመጣል። አልታየች ትቅመስልኝ።»

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21
ምሳዋን እኔ አቀረብኩላት። ሽሮው ላይ ሚጥሚጣ ጨመርኩበት። ብዙ። ዓይኗ እያለቀሰ ጠርጋ በላችው። ምግብ የምትመልስ ሴት አይደለችም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለችኝ።

አባተ መጣ። ማሩን ቀመሰች። ደገመች። «ደህና... ነው።» ተገዛ። አባተ እንደሄደ እኔ ቀመስኩ። ስኳር! ለእትዬ በለጡ ነገርኳቸው።

«ዐርብ ትውጣልኝ» አሉ። «በዚህ ክፉ ዘመን ለማይረባኝ ሰው እንጀራ ከየት አመጣለሁ?»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24
ደመና ነበር፣ ዝናብ ግን የለም። አልታየች ብርሌ ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መቅመስ ማን አስተማረሽ? አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል። እህሉ ሲያልቅ ቅጠልና ሥራሥር ለቀምን። የሚገድለውን ከማይገድለው በምላሴ ነበር የምለየው። ቀድሜ እኔ፣ ከዚያ ልጄ።» ሌላ ብርሌ አነሣች። «አንድ ቀን፣ ደህና ነው ብዬ ሰጠሁት።»

ብርሌውን አለቅልቃ ደፋችው።

«አሁን ደግሞ ማሩ። ይኼ ምላስ ከዳኝ።»

አልከዳሽም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ነገ ትወጣለች። ወዴት?

ዐርብ፣ ሚያዝያ 25
ጠዋት አፌን ተጉመጠመጥኩ። እትዬ በለጡ በር ላይ ቆሜ «ሽሮዋ ላይ ሚጥሚጣ ያበዛሁባት እኔ ነኝ፤ ምላሷ እንዲደነዝዝ ሆን ብዬ» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ። «የጓዳውን ቁልፍ አምጪ። ቀማሿ እሷ ትሁን» አሉ። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

አልታየች ጨርቋን ቋጥራ ደጅ ቆማለች። ሰምታለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ዛሬ ከሚከፈተው ጋን ቀድቼ ወጣሁ። መዳፏን ዘረጋች። ጠብ አደረግሁላት። ላሰች፣ ቆየች።

«ጌሾው በዝቷል» አለች።

ቀመስኩ። ልክ ናት። አሁንም ቀናሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ብርሌዎቹን ማጠብ ጀመርኩ።