ከሰባቱ ሦስቱ

ዶካ፣ ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለትምህርት ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የቤት ሰዎችህስ እንዴት ናቸው? እኔ በቁሜ አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤህን ሹፌሩ ደሴ ትናንት አደረሰልኝ። የጥናት ጽሑፋችን ሊታተም ነው ብለሃል። አምስት ወር ድምፄ ስለጠፋ ስሜን ከአዘጋጆቹ ዝርዝር እንዳወጣኸውም ነግረኸኛል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተናደድሁ። እዚህ በጦርነቱ ምክንያት ከጥር ጀምሮ ኔትወርክ የለም። እናቴን ላስታምም ለሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ፣ እሷም መንገድ የማትችል ሆና፣ ይኸው ዓመት አለፈኝ። ዝም ያልሁህ መሰለህ?

ሥራውን አልተውሁም። ባለሱቁ ኸሊል በሶላሩ ኮምፒውተሬን ቻርጅ ያደርግልኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ዱራ፣ ማለትም ማሽላ፣ ፍለጋ ሲንከራተት አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች አንድ ላይ የተሰበሰቡ ጋላክሲዎችን አልሁት። አገኘሻቸው ወይ አለኝ። ሰባት አልሁት። ደስ አለው፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያወራ ጀመር።

ግን ሰባት አይደሉም። ጽሑፉን እንዳታሳትመው። የቴሌስኮፑን ምስሎች ደራርቤ እንደገና ሳያቸው፣ ሦስቱ በሰማያዊው ማጣሪያ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የእውነት ያን ያህል ሩቅ ቢሆኑ በዚያ ማጣሪያ ጭራሽ መጥፋት ነበረባቸው። አቧራ አቅልቷቸው ሩቅ የመሰሉ የቅርብ ጋላክሲዎች ናቸው። በቀሩት በአራቱ ብቻ ደግሞ ክምችት አገኘን ማለት አንችልም። የሁለት ዓመት ድካማችን ነው የፈረሰው።

ለኸሊልም ተሳስቻለሁ ብዬ ነገርሁት። ታዲያ ሌላ ቦታ ፈልጊያ አለኝ። በምን ልፈልግ? ኮምፒውተሩን በሚያዝያ በሁለት ጆንያ ዱራ ለውጨዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ገልብጫለሁ፤ ከዚህ ጋር አሉልህ። አንድ በአንድ አመሳክራቸው።

ስሜን መልስልኝ ብዬ አልለምንህም። ሰባቱን መጀመሪያ ያየሁት ግን እኔ ነኝ፤ የምትመልሰው ከሆነ ስህተቱ ላይ ጻፈው።

ለእናቴ ብለህ የላክኸው የግፊት መድኃኒት ደርሶኛል፤ ለእሷ ግን ዘግይቷል። ለጎረቤታችን ለባሕሪያ ሰጥቻታለሁ፤ እሷም ያው ግፊት ነው ያለባት። ደሴ በሚቀጥለው ሲመለስ ጋቢና ቦታ እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ፤ ለአንድ ሰው።

ደጅህን ሰላም ያድርገው፤ ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የትምህርት ጓደኛህ